ምንነቱ ያልታወቀ የሠራዊት ትርፍ ዕቃ እንዴት ይፈታል?

የአሜሪካ ጦር ከአገልግሎት ያስወጣቸው የሬዲዮና የመለኪያ መሣሪያዎች በጨረታ ሲገዙ፣ ገዥው ብዙውን ጊዜ የሚረከበው መመሪያ የሌለው፣ ከየት በኩል እንደሚከፈት እንኳ የማይታወቅ ከባድ ሣጥን ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው መሣሪያ ሲነደፍ አንድ ወታደር ቴክኒሻን በውሱን መሣሪያና ጊዜ ፈትቶ እንዲጠግነው ታስቦ ስለሆነ፣ አስቀድሞ የተዘጋጀለት የመፍቻ መንገድ አለው። ጉልበት የሚጠይቅ ክፍል ካጋጠመ፣ ያ መንገድ ገና አልተገኘም ማለት ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው ከስም ሰሌዳው ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በተዘረጋው የጦሩና የባሕር ኃይሉ የጋራ አሰያየም መሠረት፣ ከእዝባር በኋላ ካሉት ሦስት ፊደላት የመጀመሪያው መሣሪያው የት እንደሚተከል፣ ሁለተኛው ዓይነቱን፣ ሦስተኛው አገልግሎቱን ያመለክታሉ። ስለዚህ «ኤኤን/ፒአርሲ-77» በሰው ጀርባ የሚያዝ የመገናኛ ሬዲዮ ነው። ሰሌዳው «ፒፒ» ብሎ ከጀመረ በእጅ ያለው የኃይል መስጫው ክፍል ብቻ ነው፤ «ሲዋይ» ከሆነ ደግሞ ባዶ ማቀፊያ ነው፤ ሙሉ ሬዲዮ የገዛ መስሎት ይህን የሚረከብ ጥቂት አይደለም።

ከስያሜው ጎን የሚገኘው የአቅርቦት ቁጥር 13 አኃዞች አሉት፤ ከ1974 በፊት በተሠሩት ላይ 11 ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች የዕቃውን መደብ ይናገራሉ፤ 5820 ከአውሮፕላን ውጭ ላለ የሬዲዮ መገናኛ፣ 5821 ደግሞ ለአውሮፕላን ሬዲዮ የተሰጡ ናቸው። ቁጥሩ በ13 ከጀመረ ዕቃው የጥይትና የፈንጂ ምድብ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሳይነኩና ሳያንቀሳቅሱ ከአካባቢው ርቆ ለፖሊስ መደወል ብቻ ነው የሚገባው። ቁጥሩ በ13 አለመጀመሩ ግን ብቻውን የደኅንነት ማረጋገጫ አይሆንም። ይኸው የመደብ ቁጥር በጥገና መመሪያው ስያሜ ውስጥም ስለሚገባ መመሪያውን ለመፈለግ ይረዳል። ለምሳሌ አር-390ኤ የተባለው መቀበያ ሬዲዮ መመሪያ «ቲኤም 11-5820-358-35» ይባላል።

ይህ በኮሊንስ ኩባንያ የተነደፈ፣ 26 የመስታወት ቱቦዎችና ወደ 38 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት ያለው መቀበያ የነዳፊዎቹን ሐሳብ ለማየት ከማንኛውም የተሻለ ምሳሌ ነው። ውስጡ ሲታይ በማርሽና በሽቦ የታጨቀ ቢመስልም፣ የተለያዩ ክፍሎችን ከዋናው አካል ጋር የያዙት ብሎኖች ጭንቅላታቸው አረንጓዴ ተቀብቷል። እነርሱን ብቻ መፍታት፣ ሌሎቹን መተው ነው። የመዞሪያ ቁልፎቹን የያዙት ጥቃቅን ብሎኖች ደግሞ ለተራው ባለ ስድስት ጎን መፍቻ ይመስላሉ፤ ጥርሳቸው ግን የተለየ ስለሆነ «ብሪስቶል» የሚባለውን መፍቻ ካላገኙ ጎድጓዳቸው ይላጫል። ማርሾቹ የሚያንቀሳቅሷቸው ካሞች (እየዞሩ ሌላ ክፍል የሚገፉ፣ ክብነታቸው ያልተስተካከለ ዲስኮች) ትክክለኛ አቀማመጥ የሚመሳከረው መደወያው 7 +000 ሲያሳይ ስለሆነ፣ የማርሽ ክፍሉን ከመንካት በፊት እዚያ ላይ ማቆምና ከዚያ በኋላ አለማዞር ከብዙ ሰዓት ልፋት ያድናል።

በአውሮፕላን ዕቃዎች ላይ ብሎኖቹ በቀጭን ሽቦ ተጠላልፈው ይታሰራሉ። ሽቦውን ቆርጦ ከመጣል በፊት የታሰረበትን አቅጣጫ ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም ሽቦው ምንጊዜም ብሎኑን ወደሚያጠብቅበት አቅጣጫ እንዲስብ ስለሚደረግ፣ ጥርሱ የተገላቢጦሽ መሆን አለመሆኑን ያለ ሙከራ ይነግራል። ለሞቃትና እርጥብ አገር የተዘጋጁ መሣሪያዎች እርጥበትና ሻጋታ የሚከላከል ቫርኒሽ ስለሚቀቡ የብሎን ጎድጓዶች ይደፈናሉ፤ በመርፌ ጫፍ ጠርጎ ካቻቢቴው በደንብ መግባቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ክፍሎች ግን ጨርሶ ባይከፈቱ ይመረጣል። በራዲየም የተቀባ የመለኪያ መደወያ ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ አይጠፋም፤ የራዲየም 226 ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ገደማ ነውና መስታወቱ አይነሣ። አሜሪካ በ1979 ፒሲቢ የተባለውን ኬሚካል መሥራት ከማገዷ በፊት የተሠሩ ባለ ዘይት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ይህንኑ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ፤ የሚያንጠባጥብ ካለ በባዶ እጅ አይነካ። ከፍተኛ ኃይል በሚያስተላልፉ ክፍሎች ውስጥ የሚገኝ ነጭ ሴራሚክ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ሊሆን ስለሚችል መሞረድም መስበርም አይገባም፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። ማንኛውም ካፓሲተር መሣሪያው ከተነቀለ በኋላም ኃይል ሊይዝ ስለሚችል፣ የኤሌክትሪክን ፍሰት በሚገታ ሬዚስተር አማካይነት አፍስሶ በቮልት መለኪያ ማረጋገጥ ግድ ነው።

ብሎኖቹ ሁሉ ወጥተው ክፍሉ አሁንም አልንቀሳቀስ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ከኋላው ወይም ከሥሩ ያለ ሶኬት ወይም የመምሪያ ፒን ነው። ካቻቢቴ አስገብቶ ማንሣት ፒኖቹን ያጣምማል፤ በሁለት እጅ ይዞ፣ ወደ ጎን ሳያዘነብሉ፣ ቀጥ አድርጎ መሳብ ይበቃል።