ቀጫጭን የደም ስር በላብራቶሪ እንዴት ይበቅላል?

ቆዳም ይሁን የጉበት ቁራጭ በላብራቶሪ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ቶሎ እንቅፋት ይገጥመዋል። ሴል ከደም ስር ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር በላይ ከራቀ ኦክስጅን በቅጡ አይደርሰውም፤ ይታፈናል። ስለዚህ የደም ስሩም አብሮ መብቀል አለበት።

ሁለት ዓይነት ሴል አዘጋጁ። አንዱ የደም ስርን ውስጠኛ ግድግዳ የሚሸፍነው ኢንዶቴሊያል ሴል ነው። ብዙ ጊዜ ከእትብት ይወሰዳል፤ ያለ እናትየው ፈቃድ ግን አይነካም። ሌላው ፋይብሮብላስት ነው፤ ቱቦዎቹን ደግፎ የሚያቆም ሴል። እኔ አንዴ “ምን ያደርግልኛል” ብዬ ዘለልኩት። ቱቦዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈራረሱ።

መመሪያዎቹ ኢንኩቤተሩን፣ ማለትም ሴሎቹ የሚያድጉበትን ሙቀት ጠባቂ ሳጥን፣ 37 ዲግሪና 5 በመቶ ካርቦንዳይኦክሳይድ ላይ አድርጉት ይላሉ። ይሄ ለባሕር ጠለል ነው። እኛ አራት ኪሎ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ አየሩ ስስ ነው። ማሽናችሁ ለከፍታ ካልተስተካከለ 5 በመቶው አይበቃም፣ ሴሎቹን የሚመግበው ፈሳሽ፣ ሚዲየሙም፣ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ወይን ጠጅ ይመስላል። 6.5 በመቶ ገደማ ሲደረግ ይመለሳል። ይህን እስካውቅ ድረስ ሚዲየሙን ስረግም ከረምኩ።

አሁን ዋናው ጣጣ፣ ሴሎቹ የሚያድጉበት ጄል። ፋይብሪኖጅን የሚባለው የደም ፕሮቲን ትሮምቢን የሚባለው ኢንዛይም ሲነካው ረግቶ ፋይብሪን ይሆናል፤ ቁስላችን ላይ ደም የሚረጋውም በዚሁ መንገድ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ሚሊግራም ፋይብሪኖጅን በሞቀ ሚዲየም ላይ ነስንሱና ተዉት፣ ራሱ ይሟሟል። ከነቀነቃችሁት አረፋና ጓል ይሆናል። ካጣራችሁት በኋላ ሴሎቹን ጨምሩበት።

እኔ ለሁሉም የሴል ሳህን ጉድጓድ እኩል ይሁን ብዬ ትሮምቢኑን በአንድ ጊዜ ቲዩቡ ውስጥ ጨመርኩት። የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሞልቼ ወደ ሁለተኛው ስዞር የቀረው እንደ እርጎ ረግቷል። ፈሳሽ መሳቢያው ፒፔት አፍ ላይ ተንጠልጥሎ አልወርድም አለኝ። የሦስት ሳምንት ሴል ቆሻሻ መጣያ ገባ።

ትሮምቢኑን በየጉድጓዱ ስር ጠብ አድርጉ። ከላዩ ሴል ያለበትን ፋይብሪኖጅን ልቀቁበት፣ በፒፔት ሁለቴ ብቻ ሳብ መለስ አድርጉና ውጡ። ፒፔቱን እስከ መጨረሻው አትጫኑ፤ አረፋ ይገባል። ትሮምቢኑ ከበዛ ሳትቀላቅሉት ይረጋል፤ ካነሰ ሴሎቹ ወርደው ታች ይተኛሉ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ጠረጴዛው ላይ አትንኩት። ጎረቤት ፎቅ እየተሠራ ከሆነ ንዝረቱ እንዳያናውጠው ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ጠብቁ፤ አልቀለድኩም።

ኢንኩቤተር ውስጥ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ የደም ስር እድገትን የሚያነሳሳው ቪኢጂኤፍ ያለበት ሚዲየም ከላይ። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቀይሩት። ሴሎቹ ጄሉን እየበሉ ካሟሙት ይህን የሚገታውን አፕሮቲኒን ጨምሩ።

ማትሪጄል የሚባለውን ዝግጁ ጄል እንደ አቋራጭ ብዙ ሰው ይወዳል። በአንድ ሌሊት የሚያምር መረብ ያሳያል፣ በማግስቱ ይበታተናል። ለፎቶ ጥሩ ነው። ዋጋው ግን!

በፋይብሪኑ ከአራት አምስት ቀን በኋላ መረቡ ይታያል። ሳምንት ሲሞላ የኢንዶቴሊያል ሴል መለያ የሆነውን ሲዲ31 በሚያሳይ ቀለም ቀብታችሁ፣ ሳትቆርጡት የውስጡን ንብርብር በሚያሳየው ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ አግድም ገጽታውን እዩት። መሃሉ ባዶ ቀለበት ካያችሁ ቱቦ ነው። ድፍን ከሆነ ገና ገመድ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ጨምሩለት።