የደንበኛን ስልክ መያዝ፣ ማስታወቂያ መላክ፣ ፎቶ መለጠፍ፦ ከጎጃም በኢንተርኔት ለሚሸጡ

የቡሬ በርበሬ፣ የዳንግላ ማር ወይም የደብረ ማርቆስ ጤፍ በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው ስልኩ ውስጥ አንድ ዝርዝር አያጣም። ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ ከጎኑ ደግሞ «5 ኪሎ፣ ዛላውን፣ እስከ ዓርብ» ይላል። ለነጋዴው ይህ የትዕዛዝ መዝገብ ነው። ለሕጉ ግን የግል ዳታ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ባንክንና ቴሌኮምን ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አይደለም። የሰው መረጃ ለምን እና እንዴት እንደሚውል የሚወስን ሁሉ፣ ሦስት ሠራተኛ ያለው የማር መደብርም ቢሆን፣ ኃላፊነት አለበት። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሰው መረጃ የሚይዝ ነጋዴ ስለ መመዝገቡ የሚጠየቀውም እዚያ ስለሆነ፣ ሥራው ሳይሰፋ ጠይቁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ወረቀት አውጡና ስድስት ዓምድ አስምሩ፦ ምን መረጃ አለን፣ ከየት መጣ፣ ለምን ያስፈልገናል፣ የት ተቀምጧል፣ ማን ያየዋል፣ መቼ ይጠፋል። ከዚያ የስልኩን ኮንታክት፣ የቴሌግራም ቻቱን፣ የጎግል ፎርሙን፣ የፌስቡክ ገጹን መልእክት ሳጥን፣ የቴሌብርና የባንክ መልእክቶችን እንዲሁም የአድራሹን ልጅ ስልክ አንድ በአንድ አስገቡ። የመጨረሻውን ሁሉም ይረሳዋል። የባሕር ዳር ቀበሌዎችን በሞተር የሚዞረው ልጅ ስልክ ውስጥ ስንት ሰው ቤት እንዳለ አስቡት።

ወረቀቱ ሲሞላ ሁልጊዜ ትርፍ ነገር ይገኛል። ማር ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ በአውቶቡስ ለመላክ የሚያስፈልገው ስም፣ ስልክና ዕቃው የሚወርድበት ቦታ ነው። የልደት ቀን አያስፈልግም፤ የመታወቂያ ፎቶማ ጭራሽ። «ለጥንቃቄ» ተብሎ የተሰበሰበ የፋይዳ መታወቂያ ፎቶ ስልኩ የጠፋ ቀን ከማሩ ዋጋ የበለጠ ጣጣ ያመጣል። ያለ ምክንያት የገባውን ዛሬውኑ አጥፉት።

እዚህ ላይ በእኛ አካባቢ በብዛት የሚታይ ስህተት አለ። ቅቤና አይብ የሚሸጥ ሰው ከደንበኛው ስም አጠገብ «ጾመኛ» ብሎ ይጽፋል፤ በዓቢይ ጾም የቅቤ ማስታወቂያ ላለመላክ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የተመዘገበው የሰውየው ሃይማኖት ነው፤ ሃይማኖት ደግሞ ልዩ ጥበቃ ከሚሰጣቸው መረጃዎች አንዱ ነው። የጤና ሁኔታም እንዲሁ፤ «ስኳር አለባት፣ ማር ቀንስ» የሚል ማስታወሻ ከዚያው ይመደባል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሰውየውን ሳይሆን ዕቃውን መዝግቡ። ደንበኛው ራሱ «የጾም ምርቶች»፣ «የፍስክ ምርቶች» ወይም «ሁሉም» ከሚሉት ይምረጥ። የመረጠው ዕቃ እንጂ እምነቱን አልነገራችሁም።

ፈቃድ ሲጠየቅ

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ሰምና ወርቅ እንወዳለን። የፈቃድ ጥያቄ ግን ሰም አይፈልግም፤ ወርቁ ብቻ ይነገር። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ «እሺ» አትጠቅልሉ። ዕቃ ለማድረስ የተሰጠ ቁጥር ማስታወቂያ ለመላክ የተሰጠ አይደለም። በፎርሙ ላይ እንዲህ ይጻፍ፦

«ትዕዛዝዎን ለማድረስ ስምዎንና ስልክዎን እንይዛለን። ከአድራሹ በቀር ለማንም አንሰጥም። ዕቃው በደረሰ በ60 ቀን ከዝርዝራችን እናጠፋለን።»

ከዚህ በታች፣ ለብቻው፦

«አዲስ ማር ሲቆረጥ በወር ቢበዛ ሁለት ጊዜ በአጭር መልእክት እንንገርዎ? አዎ / አይ። በፈለጉ ጊዜ አቁም ብለው ይላኩ።»

«አዎ» የሚለው አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት አይጠብቅ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ቀድሞ የተሞላ ሳጥን ፈቃድ እንዳልሆነ በይኗል። «አይ» ያለውም ማሩን መግዛት ይችላል። ለማስታወቂያ ካልፈቀድክ አንሸጥልህም ማለት ፈቃዱን ግዴታ ያደርገዋል፤ የተገደደ ፈቃድ ደግሞ ፈቃድ አይባልም።

60 ቀኑ ምሳሌ ነው፤ ቅሬታና ተመላሽ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅባችሁ አይታችሁ ወስኑ። ለግብር የሚያዘው ደረሰኝ የራሱ ጊዜ ስላለው ከዚህ ዝርዝር ጋር አትቀላቅሉት።

ፈቃዱ የተገኘበትን ቀን፣ መንገዱንና የተጠየቀበትን ቃል አስቀምጡ። ጎግል ፎርም ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል። በስልክ ለሚያዝዝ ሰው ጥያቄውን በቃል ካነበባችሁለት በኋላ ያንኑ በአጭር መልእክት ልካችሁ «እሺ» ብሎ እንዲመልስ አድርጉ። ያ «እሺ» አይጥፋ፤ ጠብ ሲነሳ የምታሳዩት እሱን ነው።

የተገዛ የስልክ ዝርዝርን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፤ አትግዙ። ሰው ለሌላ የሰጠው ፈቃድ ወደ እናንተ አይሻገርም። የዕድሩ ጸሐፊ የዕድርተኛውን መዝገብ፣ የሠርግ አስተባባሪው የጥሪ ዝርዝሩን ይዞ ለራሱ ሱቅ ማስታወቂያ ሲልክም ያው ነው። ቁጥሩ የተሰጠው ለሐዘንና ለደስታ ነበር።

ማስታወቂያ ሲላክ

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ዕቃ ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ ብሎ ያለ ተቀባዩ ቅድሚያ ፈቃድ ኢሜይል የሚያሰራጭን ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ ይቀጣል። ከባድ ሲሆን ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50 ሺህ ብር ይደርሳል። ይኸው አንቀጽ ነጻ የሚያወጣውንም ይናገራል፤ የላኪው ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ መኖሩን፣ ተቀባዩም በቀላሉ «አልፈልግም» የሚልበት መንገድ መኖሩን ይመለከታል። ድንጋጌው ስለ ኢሜይል ቢሆንም ለአጭር መልእክትም ለቴሌግራምም በዚሁ ልክ ብትሠሩ ይሻላል፤ ምክንያቱም የ2016ቱ አዋጅ የሚጠብቀው ስልክ ቁጥሩን ጭምር ነው።

አቁም ያለውን ሰው ቁጥር ሙሉ በሙሉ መሰረዝ ጥሩ ይመስላል፤ ስህተት ነው። በሚቀጥለው ወር የድሮው ኤክሴል ሲጫን ቁጥሩ ተመልሶ ይገባና መልእክቱ ይደርሰዋል። ስሙንና ሌላውን አጥፉ፤ ቁጥሩን ብቻ «አይላክ» በሚል የተለየ ገጽ ያዙ፤ ከመላካችሁ በፊት ሁልጊዜ ከእሱ ጋር አመሳክሩ።

በቴሌግራም ግሩፕና ቻናል አንድ አይደሉም። ግሩፕ ውስጥ አባል አባልን ያያል። ቻናል ውስጥ የተመዝጋቢዎችን ዝርዝር የሚያየው አስተዳዳሪው ብቻ ነው። ስለዚህ ለደንበኛ ቻናል ክፈቱ፤ ሊንኩን ላኩለትና ራሱ ይግባ። በዋትሳፕ ግሩፕ የሁሉም ስልክ ቁጥር ለሁሉም ይታያል፤ 80 ደንበኛ አንድ ላይ ማስገባት 80 ስልክ ቁጥር በአደባባይ መለጠፍ ማለት ነው። አንዱን መልእክት ለእያንዳንዱ ለብቻው የሚያደርሰው የዋትሳፕ ብሮድካስት ይሻላል፤ እሱም ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ ላልያዘ ሰው አይደርስም፤ በአንድ ዝርዝር ከ256 ሰው በላይም አይቀበልም። ኢሜይል ለብዙ ሰው ስትልኩ አድራሻዎቹን «ቢሲሲ» (Bcc) ላይ አስገቡ፤ አንዱ ተቀባይ የሌላውን አድራሻ አያይም።

ፎቶና ደረሰኝ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 ኢንተርኔት ሳይታሰብ የተጻፈ ቢሆንም ዛሬም ይሠራል። የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ቦታ አይታይም፣ አይባዛም፣ ለሽያጭም አይቀርብም ይላል። ቁጥር 28 ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ታዋቂነት፣ የመንግሥት ሥራ፣ በአደባባይ የተፈጸመ ድርጊት ወይም ሥነ ሥርዓት። በእንጅባራ የፈረስ በዓል ላይ ሰልፉን ማንሳት ሌላ፣ ከሰልፉ አንዱን ፈረሰኛ ቆርጦ የጠጅ ማስታወቂያ ማድረግ ሌላ ነው። ለሁለተኛው ፈቃድ ጠይቁ።

ማር ቆራጩን ገበሬ ከቀፎው አጠገብ ለምታነሱት ፎቶ እንዲህ ይደረግ፦ ፎቶው የት እንደሚወጣ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ክፍያ ካለ ስንት እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፉ። ማንበብ ለማይችል አንብቡለት፤ በአዊ አካባቢ አማርኛ ካልቀለለው በአገውኛ ይነገረው፤ ይፈርም ወይም በድምፅ ይቀረጽ። «ፎቶ ላንሳህ?» ብሎ «አንሳ» ማለቱ ማንሳቱን እንጂ ፌስቡክ ላይ በገንዘብ ማሠራጨቱን አይጨምርም።

ደረሰኝ ላይ እንቆይ፤ ጥፋቱ በየቀኑ ስለሆነ። ሻጮች እምነት ለማግኘት የደንበኛን የክፍያ ስክሪንሾት «ዛሬም 12 ትዕዛዝ!» ብለው ይለጥፋሉ። ስም አለ፣ ስልክ አለ፣ ገንዘብ አለ። አንዳንዱ ይሸፍናል፤ ግን የሚሸፍነው በስልኩ ማቅለሚያ ብዕር፣ ስስ በሆነው ቀለም ነው። ብርሃኑ ከፍ ሲደረግ ከቀለሙ ሥር ያለው ጽሑፍ ይነበባል። ማደብዘዝም ለአጭር ቁጥር አስተማማኝ አይደለም። ድፍን ጥቁር ሳጥን ተጠቀሙ። ስም፣ ስልክ፣ የሒሳብ ቁጥርና የግብይት ቁጥሩን ሸፍኑ፤ ደረሰኙን መልሶ ለማግኘት የሚያገለግለው የግብይት ቁጥሩ ነው። ከዚያ የተሸፈነውን ሌላ ስክሪንሾት አንሱና ያንን ለጥፉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን አለመለጠፍ ነው፤ የታሸጉት የማር ጣሳዎች ተደርድረው የተነሱበት ፎቶ ያንኑ እምነት ያመጣል።

ስለ ማስታወቂያው ይዘት ሁለት ነገር ብቻ። «ይህ ማር ጨጓራ ይፈውሳል» የሚለውን ተዉት፤ አሳሳች ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ያስጠይቃል። «ሼር ያድርጉ፣ በዕጣ ይሸለሙ» ለሚሉት ደግሞ ዕጣ ያለበት ሽልማት የሎተሪ ፈቃድ ይጠይቃል።

ደንበኛው ውጭ አገር ሲሆን

ፍራንክፈርት ያለች የሞጣ ልጅ በአጋጣሚ ገጻችሁን ስላየች ብቻ የአውሮፓ ሕግ አይደርስባችሁም። ዋጋ በዩሮ ካስቀመጣችሁ፣ ወደ ጀርመን እንልካለን ካላችሁ፣ ማስታወቂያውን ለዚያ አገር ሰው ካነጣጠራችሁ ግን ጂዲፒአር (GDPR) የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የግል ዳታ ሕግ ይመለከታችኋል። «ስለ እኔ ምን ይዛችኋል?» ስትል በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለባችሁ። ድረ ገጽ ካላችሁ ጎብኚውን የሚከታተሉት የፌስቡክ ፒክስልና የጎግል አናሊቲክስ ኩኪ እሱ ከመፍቀዱ በፊት ሥራ አይጀምሩ፤ «አልፈቅድም» የሚለው ቁልፍም እንደ «እፈቅዳለሁ» እኩል ይታይ። ወደ አሜሪካ ለሚላክ የማስታወቂያ ኢሜይል የፖስታ አድራሻ ይጻፍበት፤ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይበቃል። አቁሙ ያለውን በ10 የሥራ ቀን ውስጥ አስወጡ።

ስልኩ ሲጠፋ

መረጃው ወጥቶ ከሆነ ለባለሥልጣኑ ማሳወቂያው 72 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ሲሙን አዘጉ። ከሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ቴሌግራም ከፍታችሁ «ሴቲንግ» ውስጥ «ዲቫይስ» የሚለው ጋ ሂዱና የጠፋውን ስልክ አስወጡ። የኢሜይሉንና የፌስቡኩን ይለፍ ቃል ቀይሩ። ከዚያ ጻፉ፦ መቼ አወቅን፣ የስንት ሰው መረጃ ነበር፣ ምን ዓይነት፣ ምን አደረግን። ኔትወርክ ጠፍቶ ከነበረም ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ አብሮ ይመዝገብ። ደንበኞቹን «በእኛ ስም ብር ላኩ የሚል መልእክት ቢመጣ አትላኩ» ብላችሁ አስጠንቅቁ፤ አጭበርባሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የቴሌግራሙ ሁለተኛ ይለፍ ቃል ግን ስልኩ ሳይጠፋ ነው የሚበራው። ገጹን የሚያስተዳድረው ልጅ ሥራ የለቀቀ ቀን ደግሞ ከሒሳብ መተማመኛው በፊት የአስተዳዳሪነት መብቱ ይነሳ፤ የአድራሹም ስልክ ማታ ማታ ከዕለቱ አድራሻዎች ይጽዳ።