ሰላጣና ጎመን ከመበላታቸው በፊት እንዴት ይፈተሻሉ?

ከገበያ የመጣ ቅጠል ከመታጠቡ በፊት በደንብ መታየት አለበት፤ ውሃ ከነካው በኋላ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ተባዩን መለየት ያስቸግራል። ሰላጣ ወይም ጥቅል ጎመን ከሆነ፣ አፈርና የፀረ ተባይ ቅሪት በብዛት የሚያርፍባቸውን የላይኞቹን ቅጠሎች ገንጥለው ይጣሉ። ቀጥሎ የቀሩትን አንድ በአንድ ለያይተው በመስኮት ብርሃን ይመልከቱ፤ በተለይ ጀርባቸውን። ክሽክሽ የተባለው የቅጠል ጭማቂ መጣጭ ጥቃቅን ተባይ የሚሰፍረው በቅጠሉ ጀርባና በእጥፋቱ ውስጥ ሲሆን፣ በጎመን ላይ አመድ የተነሰነሰ መስሎ ይታያል፤ በጣት ሲታሽ ግን አረንጓዴ ሆኖ ይፈርጣል። በጥቅል ጎመን ውስጥ ጥቁር አረንጓዴ ፍርፋሪ ካገኙ የትል ኩስ ነውና ትሉ እስኪገኝ ድረስ ወደ ውስጥ መፈተሽዎን አያቁሙ።

ከዚያም በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ሟሙቶበት ቅጠሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይዘፍዘፍ። ጨው የተጣበቀውን ተባይ ያላቅቀዋል። ሲያወጡት ቅጠሉን ከውሃው ያንሱት እንጂ ውሃውን በላዩ አይድፉት፤ የዘቀጠው አሸዋ ተመልሶ ይለጠፍበታልና። የሳፋውን ወለል ሲያዩት ቆሻሻ ካለበት በአዲስ ውሃ ይድገሙት፤ በመጨረሻም እያንዳንዱን ቅጠል በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። በሳሙናም ሆነ በኦሞ ማጠብ አይገባም።

ይሁን እንጂ የጨው ውሃ የሚያስወግደው በዓይን የሚታየውን ነው፤ እጅግ የሚያሳስበው ግን የማይታየው ነው። በአዲስ አበባ ከሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ የሚለማው የከተማው ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ በሚገባባቸው በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዞች ዳር ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ የጠጣ ቅጠል የአሜባ፣ የጃርዲያና የወስፋት መተላለፊያ ሊሆን ይችላል። የወስፋት እንቁላል ቅጠል ላይ አጥብቆ የሚጣበቅና ክሎሪንን የሚቋቋም በመሆኑ፣ «አቼቶ ውስጥ ነክሬዋለሁ» ብሎ መተማመን አይበቃም። ተክሉ በሥሩ የሳበውን እንደ እርሳስ ያለ ብረት ደግሞ ማጠብም ሆነ ማብሰል አያወጣውም። ስለዚህ ሻጩን ከየት እንደመጣ መጠየቅ የፍተሻው አንድ ክፍል ነው። በጾም ወቅት ሰላጣ ከማዕድ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ምንጩ ያልታወቀን ሰላጣ በጥሬው ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ማቅረብ ተገቢ አይመስለኝም። ጎመንና ቆስጣ ግን በደንብ ከበሰሉ ጥገኛ ተውሳኩ ይሞታል።

ማንጎና ዘይቱን ሲሆኑ ልጣጩ ላይ በመርፌ የተወጋ የመሰለች፣ ዙሪያዋ የለሰለሰ ነጥብ ይፈልጉ፤ የፍራፍሬ ዝንብ እንቁላሏን የጣለችበት ሊሆን ስለሚችል ከመግመጥ ይልቅ ሰንጥቆ ማየት ይሻላል። ልጣጩ የማይበላው አቮካዶና ፓፓያም ቢሆን ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፤ ቢላዋው የላዩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያም በሳሙናና በሙቅ ውሃ ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበት።