በዋልካና በጨዋማ አፈር ችግኝ ሲያፈሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ከ2,800 ሜትር ገደማ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ደጋው ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚይዝ ጥቁር ሸክላማ አፈር፣ ዋልካ፣ አለ፤ ቆላው ላይ ደግሞ ሙቀቱ የመስኖውን ውሃ አትንኖ ጨዉን መሬት ላይ ይተወዋል። ብዙ ችግኝ የሚጠፋው ለሁለቱም አንድ ዓይነት አያያዝ ስለሚሰጥ ነው።

ድብልቁን በልማድ መሥራት

3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ የሚለው ልክ ለቀላል አፈር ነው። ዋልካ ችግኙ በሚፈላበት የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሳል። ዋልካውን ወደ 1 እጅ ዝቅ፣ አሸዋውን ወደ 3 እጅ ከፍ ያድርጉ። ከዚያ ከእርጥቡ ድብልቅ አንድ እፍኝ ጨብጠው ይልቀቁ። በጣት ሲነኩት ከተፈረፈረ ደህና ነው፤ እንደ ሊጥ ከተድቦለቦለ አሸዋ ይጎድለዋል። ያልበሰበሰ ፍግ አይግባበት፤ ሥር ያቃጥላል፣ ጨውም ይጨምራል።

ጨው የበዛበትንና ሶዲየም የበዛበትን አፈር አንድ አድርጎ ማየት

ከሁሉም በላይ ገንዘብና ድካም የሚያስከፍለው ይህ ነው። ሁለቱም ችግኝ ያቀጭጫሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ይለያያል። ጥርት ባለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እጅ ደረቅ አፈርና አምስት እጅ የዝናብ ውሃ ጨምረው በደንብ ይበጥብጡ፤ አሳድረው ይዩት። ላዩ ላይ ነጭ ጨው የሚታይበት አፈር ወደ ታች ዘቅጦ ውሃው ከጠራ፣ ችግሩ ጨው ብቻ ነው፤ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቦ ማስወረድ ይበቃዋል። ጠዋትም እንደ አተላ ድፍርስ ሆኖ ከቆየ ሶዲየም ይጠረጠራል። ይህን በውሃ ብቻ ማጠብ ይበልጥ ያደፍነዋል፤ መጀመሪያ ጂፕሰም (ሶዲየሙን የሚያስለቅቅ ካልሲየም ያለበት ማዕድን) ይፈልጋል። መጠኑ የሚወሰነው በአፈር ላቦራቶሪ ውጤት ስለሆነ በግምት አይበትኑ።

ትንሽ ትንሽ ደጋግሞ ማጠጣት

ላዩን ብቻ የሚያርስ ውሃ ይተንና ጨዉ ይቀራል። የከረጢቱ አፍ ዙሪያ ነጭ ሲሆን፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ጠርዝ ሲያር፣ ብዙ ሰው ውሃ የጠማው ይመስለዋል። ሲያጠጡ ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ ያጠጡ፤ ከሚሰጡት ውሃ ከ15 እስከ 20 በመቶው ፈሶ ይውጣ። ቀዳዳ የሌለው ወይም ጭቃ የደፈነው ከረጢት ግን ይህን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ዘሩን በጨዋማ ውሃ ማብቀል

ችግኝ ጨው የሚፈራው በተለይ በቡቃያነቱ ነው። አራት ቅጠል እስኪያወጣ የዝናብ ወይም የጠራ ውሃ ይስጡት። የሚተከልበት ቦታ ውሃ ጨዋማ ከሆነ ሩቡን፣ ከሳምንት በኋላ ግማሹን እየቀላቀሉ ያለማምዱት።

ቦታውን ሳያዩ ዝርያ መምረጥ

ትሪ ሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍ ለደጋ ይስማማል፣ ውሃ የተኛበት መሬት ላይ ግን ሥሩ ይበሰብሳል። እርጥበቱን ሌላው የመኖ ዛፍ ሰስባኒያ ይችለዋል። ለጨዋማው ቆላ ተምር ይሻላል።

በዋልካ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ መትከል

በክረምት ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል። በሰሜን ሸዋ ዋልካማ ደጋ የሚገኘው የእነዋሪ ገበሬ ስንዴውን የሚያድነው አፈሩን በእጁ እያወጣ በሚሠራው ሰፊ መደብና ቦይ ነው፤ ችግኙንም እንደዚያው መደቡ ላይ ይትከሉት። ጨዋማ መሬት ላይ ግን ጨው ወደ መደቡ አናት ስለሚሳብ፣ አናቱን ትተው ጎኑ ላይ ይትከሉ።