በሚፈርስ ፖሊመር ጂን ወደ ሴል ሲያስገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፖሊ ቤታ አሚኖ ኤስተር የተባለውን የሚፈርስ ፖሊመር ዴቪድ ሊን እና ሮበርት ላንገር እ.ኤ.አ. በ2000 ለጂን ማጓጓዣነት ካስተዋወቁት ወዲህ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ይሠሩበታል። ተፈላጊ ያደረገው የኤስተር ትስስሩ በውሃ መፈታቱ ነው። ዲኤንኤውን ካደረሰ በኋላ ወደ ትናንሽ ክፍሎች ስለሚፈርስ፣ ለተመሳሳይ ሥራ የሚውለውንና የማይፈርሰውን ፖሊመር ፖሊኤቲሊንኢሚንን ያህል ሴሉን አያስጨንቅም። ችግሩ ይህ መፍረስ ሴሉ ውስጥ እስኪገባ አለመጠበቁ ነው፤ ቱቦው ውስጥም ውሃ ካገኘ ይጀምራል። ከዚህ በታች ከተጠቀሱት ስህተቶች ብዙዎቹ ይህን ከመዘንጋት ይመጣሉ።

ቀዝቃዛ ቱቦ መክፈት። ፖሊመሩ ውሃ በሌለው ዲኤምኤስኦ (ማሟሚያ ፈሳሽ) በ100 ሚሊግራም በሚሊሊትር ተሟሙቶ፣ በትናንሽ ቱቦዎች ተከፋፍሎ፣ ከእርጥበት መጣጭ ጋር በ-20 ዲግሪ ይቀመጣል። ቱቦው ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ከተከፈተ የክፍሉ እርጥበት ውስጡ ይጤዛል፤ ዲኤምኤስኦ ደግሞ ውሃ ይስባል። ክዳኑ እንደተዘጋ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁ። አንዱን ቱቦ ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝም ያው ጉዳት አለው። ውጤቱ ከሳምንት ሳምንት ሲደክም ሰው ሴሎቹን ይጠረጥራል፤ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ግን ቱቦው ነው።

ቀመር ከሌላ ፖሊመር መዋስ። ይህ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚያባክን ስህተት ነው። በ1 ማይክሮግራም ዲኤንኤ ውስጥ 3 ናኖሞል ገደማ ፎስፌት (የዲኤንኤው ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው ክፍል) አለ። ለአንድ ፎስፌት 10 የፖሊመሩ ናይትሮጅን (ፖዘቲቭ ቻርጅ የሚይዘው ክፍል) እንዲደርስ ከተፈለገ የሚበቃው ፖሊኤቲሊንኢሚን 1.3 ማይክሮግራም ያህል ነው። ይህን መጠን በፖሊ ቤታ አሚኖ ኤስተር ከሞከሩት ዲኤንኤው ሳይጠቀለል ይቀራል፤ ምክንያቱም ይህ ፖሊመር በክብደቱ ልክ የሚይዘው ፖዘቲቭ ቻርጅ በጣም አነስተኛ ነው። እዚህ የሚሠራው የክብደት ምጣኔ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፖሊመሩ ከዲኤንኤው ከ30 እስከ 60 እጥፍ ይሆናል።

በ96 ጉድጓድ ሳህን ላይ ለአንድ ጉድጓድ 600 ናኖግራም ዲኤንኤ ከተወሰደ፣ በ60 እጥፍ 36 ማይክሮግራም ፖሊመር ያስፈልጋል። ይህ በዲኤምኤስኦ ከተሟሟው ክምችት 0.36 ማይክሮሊትር ብቻ ስለሆነ በፒፔት በትክክል ሊለካ አይችልም። ስለዚህ 3.6 ማይክሮሊትር ክምችት በ96.4 ማይክሮሊትር ባፈር (ፒኤች የሚጠብቅ ፈሳሽ፤ ዓይነቱ ከታች ተገልጿል) ይቀጠንና ከዚያ ላይ 10 ማይክሮሊትር ይወሰዳል። ከ10 ማይክሮሊትር ዲኤንኤ (60 ናኖግራም በማይክሮሊትር) ጋር ተቀላቅሎ 20 ማይክሮሊትሩ 100 ማይክሮሊትር የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ (ምግብ) ባለው ጉድጓድ ላይ ይጨመራል። ዲኤንኤው በትክክል መያዙን ለማረጋገጥ አጋሮዝ ጄል ይበቃል፤ በኤሌክትሪክ ሲነዳ የተያዘው ከጄሉ ጉድጓድ አይንቀሳቀስም፣ ነፃው ወደታች ይሮጣል።

በተለመደው የፎስፌት ባፈር ማቅጠን። የፖሊመሩ አሚኖች በፒኤች 7.4 ላይ ቻርጃቸው ይቀንሳል፤ ፖሊመሩም በደንብ አይሟሟም። ፖሊመሩም ዲኤንኤውም በ25 ሚሊሞላር ሶዲየም አሴቴት፣ ፒኤች 5 ላይ ይቀጠኑ።

ቀስ ብሎ መቀላቀል፣ ቀላቅሎም መርሳት። ፖሊመሩን በጠብታ መጨመር በአንድ ቱቦ ውስጥ የተለያየ መጠን ያላቸው ቅንጣቶች (ፖሊመሩ ዲኤንኤውን ጠቅልሎ የሚሠራቸው) እንዲፈጠሩ ያደርጋል። እኩል መጠን ያላቸውን ሁለቱን ፈሳሾች በአንዴ አገናኝተው በፒፔት ፈጠን አድርገው ያዋህዱ፤ የትኛው በየትኛው ላይ እንደሚጨመርም አይለዋውጡ። 10 ደቂቃ ያህል በክፍል ሙቀት ካቆዩ በኋላ ወዲያው ይጠቀሙ። ቅይጡን አዘጋጅቶ ከዚያ ሴል ለመቁጠር መሄድ ቅንጣቶቹን ያባክናል። ለሌላ ቀን ማቆየት የግድ ከሆነ ከሱክሮዝ (ስኳር) ጋር አቀዝቅዞ ማድረቅ ይቻላል፤ ያለ ስኳር ከደረቁ ግን እርስ በርስ ይጣበቃሉ።

የቅንጣቶቹን መጠን በአሴቴት ብቻ መለካት። እዚያ ከ200 ናኖሜትር በታች የታየ ቅንጣት ጨው ወዳለበት ፈሳሽ ሲገባ ሊያብጥና ሊከማች ይችላል። ሴሎቹ በሚኖሩበት ፈሳሽ ውስጥም ይለኩት። ሴረም ያለው ምግብ ይበልጥ ይፈትነዋል፤ ፕሮቲኖቹ ፖዘቲቭ ቅንጣት ላይ ስለሚለጠፉ።

የሚያበሩትን ብቻ መቁጠር። አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን የሚያሠራ ፕላዝሚድ (ክብ ዲኤንኤ) ከገባ በኋላ በ48 ሰዓት ሲለካ፣ ማሽኑ የሚያየው በሕይወት የቀሩትን ነው። ለምሳሌ ከቀሩት 90 በመቶው ቢያበሩና የቀሩት ግን ከመጀመሪያው 30 በመቶ ብቻ ቢሆኑ፣ የተሳካው 27 በመቶ ነው። ይህን ሳይነግሩ 90 ብሎ መጻፍ አንባቢውን ማሳሳት ነው። ምንም ያልተጨመረባቸውን፣ ዲኤንኤ ብቻና ፖሊመር ብቻ የተጨመረባቸውን ጉድጓዶች ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ የሕይወት መጠኑን በ24 ሰዓት ይለኩ። ቅንጣቶቹ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ሴሉ ላይ ከቆዩ በኋላ ምግቡን መቀየርም ጉዳቱን ይቀንሳል። ሴሎቹ ከዋዜማው በጉድጓድ 15,000 ገደማ ሆነው ካልተዘሩ፣ በጣም ከሳሱ ይሞታሉ፣ በጣም ከበዙ ደግሞ መከፋፈላቸው ይዘገያል፤ ፕላዝሚድ ወደ ኒውክለስ ለመግባት ይህን መከፋፈል ይፈልጋል።

ለዲኤንኤ የሠራውን ለኤስአይአርኤንኤ (የተመረጠ ጂንን ዝም የሚያሰኝ አጭር አርኤንኤ) መጠቀም። 21 ገደማ ጥንድ ያለው አጭር ሞለኪውል ከፖሊመሩ ጋር የሚያስተሳስረው ጥቂት ስለሆነ በቀላሉ ይለቀቃል። ሥራውም ኒውክለስ ሳይሆን ሳይቶፕላዝም ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ የዳይሰልፋይድ (የሰልፈር ከሰልፈር) ትስስር ያለው ፖሊመር ይመረጣል፤ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ያለው ግሉታታዮን የተባለ ትንሽ ሞለኪውል ቆርጦት ጭነቱን እዚያው ያራግፈዋል።