ደሴ ላይ አንድ ቀን ካላችሁ

ለሥራ ደሴ መጥታችሁ አንድ ቀን ከተረፋችሁ ሆቴል አትቀመጡ። ጃኬት ግን ያዙ፤ ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች የጦሳ ተራራ ብርድ ጠዋት ጠዋት አይምርም።

መጀመሪያ አይጠየፍ ሂዱ። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙም ሀብታም ድሃውን ሳይጠየፍ አብሮ ይበላበት ነበር ከሚለው የመጣ ነው ይላሉ። ቀስ ብላችሁ እዩት፣ ፎቶ አንስቶ መሮጥ ያስቆጫል። ቀጥሎ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ሙዚየም አለ። በ2014ቱ ጦርነት ስለተዘረፈ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ጠይቁ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከተማዋን በአውሮፕላን ሲደበድብ ጃንሆይ እዚሁ ደሴ ነበሩ።

ምሳ ላይ ሥጋ ካማራችሁ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ለየብቻ ስለሆነ በሩ ላይ ያለውን ምልክት አይታችሁ ግቡ። እኔ ጥብሱን በሸክላ፣ ገና እየተንጫጫ ሲመጣ ነው የምወደው፤ ሚጥሚጣውን ለብቻ አስቀርቡ።

ቡናውን ለመጨረሻ አቆዩት። ሲኒው ላይ ጤና አዳም ጣል ከተደረገበት፣ ሦስተኛዋን ሳትጠጡ አትነሱ። ኮምቦልቻ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ ሳይመሽ ውረዱ፣ ቁልቁለቱ ጭጋግ ይበዛበታል።