ኮሚኒቲ ኮሌጅ ላይ ሴሚስተርና ዶላር የሚያስበሉ ስህተቶች

አሌክሳንድሪያ ወይም አናንዴል ባለው የኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ካምፓስ፣ አለዚያም ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ግቢ አማርኛ ሳይሰሙ መዋል ይከብዳል። ጠዋት ክላስ ማታ ሺፍት የሚይዘው ሐበሻ ብዙ ነው፤ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ላብ የሚሮጠውም እንዲሁ። አብዛኛው ሰው ሲጀምር የሚፈራው እንግሊዝኛውንና ሒሳቡን ነው። ሴሚስተሩን የሚበላበት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው፦ በስህተት የተሞላ ፎርም፣ ያለፈ ቀን፣ ከፕሮግራሙ ውጭ የተያዘ ክላስ። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ናቸው። የፌዴራል እርዳታው ሕግ ግን ሲያትልም ዳላስም ያው ነው።

ፋፍሳ ላይ የአክስትን ገቢ መሙላት

ፋፍሳ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ በዲቪ ገና ትናንት የገባም ቢሆን፣ ማመልከት ይችላል። ነገር የሚበላሸው «ወላጅ» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደረስ ነው። ዕድሜው 24 ያልሞላ፣ ያላገባ፣ የሚያሳድገው ልጅም የሌለው ተማሪ፣ እንደ ወላጅ አልባነት ያለ ልዩ ሁኔታ ከሌለው በቀር፣ ለፋፍሳ በወላጆቹ ሥር ያለ ነው። እናትና አባቱ ጎንደር ቢሆኑም፣ አንድ ሳንቲም ባይልኩለትም፣ የሚሞላው የእነሱ ገቢ ነው፤ ፎርሙ በሚሞላበት ቀን ባለው ምንዛሪ ወደ ዶላር ተቀይሮ። ቤቷ ያስጠጋችው አክስት በሕግ በጉዲፈቻ ካልወሰደችው በስተቀር ወላጅ አይደለችም። የአክስትና የባሏ ገቢ ፎርሙ ላይ ከገባ ሙሉ ፔል ግራንት (ብድር ያልሆነ የፌዴራል የገንዘብ እርዳታ) ሊያገኝ የሚችለው ልጅ ትንሽ ወይም ምንም ሳያገኝ ይቀራል።

ኢትዮጵያ ያሉ ወላጆች ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖራቸውም የራሳቸውን አካውንት ከፍተው መፈረም ይችላሉ። ማንነታቸውን ማረጋገጥ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ኢሜይል የሌላቸው ወላጆች ከሆኑ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ማውጣት አለ። ፎርሙ እንደ ልማዱ ኦክቶበር 1 ስለሚከፈት በመጪው መስከረም ለሚጀመር ትምህርት ነሐሴ ላይ መሯሯጥ የለባችሁም።

ስም የሚሞላው ሶሻል ካርዱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ነው። የአባት ስም አንዱ ወረቀት ላይ መካከለኛ ስም፣ ሌላው ላይ የመጨረሻ ስም ከሆነ፣ ወይም የልደት ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር ከተዛባ ፋይሉ ይቆማል። ይኼ ሰነድ በማስተካከል ሳምንታት የሚፈጅ ነገር ነው።

የኢትዮጵያን ዲግሪ መደበቅ

ከአዲስ አበባም ሆነ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ፔል ግራንት አያገኝም። ዲግሪው እዚህ ሥራ ባያስይዝም ሕጉ አይለወጥም፤ ያበሳጫል፣ ግን እንደዚያ ነው። ታዲያ «ሃይስኩል ብቻ ነው የጨረስኩት ብለህ ሙላ» የሚል መካሪ አይጠፋም። በፌዴራል ፎርም ላይ የተጻፈ ሐሰት ነው፤ ሲደረስበት የተወሰደው ገንዘብ ይመለሳል፣ ከዚያ የባሰም ሊመጣ ይችላል። ለዜግነት የሚያመለክት ሰው በተለይ እዚህ ውስጥ እጁን ባያስገባ ይሻለዋል።

የሚበጀው ዲግሪውን ማስገምገም ነው። እዚህ ላይም ሌላ ስህተት አለ፦ ርካሹን ግምገማ መግዛት። እሱ የሚናገረው «ይህ ሰው የባችለር አቻ አለው» ብቻ ነው። ኮሌጁ ክሬዲት እንዲቆጥርላችሁ የሚያስፈልገው ኮርስ በኮርስ የተዘረዘረው፣ ክሬዲትና ውጤት ያለበት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁ የየትኛውን ገምጋሚ ድርጅት ወረቀት እንደሚቀበል ጠይቁ። ትራንስክሪፕቱንም ራሱ ዩኒቨርሲቲው አሽጎ እንዲልከው ነው የሚፈለገው፤ በሻንጣ የመጣና የተከፈተ ፖስታ ብዙ ጊዜ አያገለግልም።

በዘመድ አድራሻ መመዝገብ

ቨርጂኒያ የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ክላሱ ከሚጀምርበት ቀን በፊት ቢያንስ 12 ወር እዚያ ኑሮን መመሥረት ይጠይቃል። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ክፍያው በሦስት ይከፈላል፦ የካውንቲው ነዋሪ፣ የስቴቱ ነዋሪ፣ ከውጭ የመጣ። ኪራይ ሲወደድ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ መዛወር ለእኛ ሰው ቀላል ነገር ነው፤ ድልድይ መሻገር ብቻ። ለኮሌጁ ግን ስቴት መቀየር ነው። መንጃ ፈቃድ ከአንዱ፣ ታክስ ከሌላው፣ የመኪና ታርጋ ከሦስተኛው ሆኖ ሲገኝ ሒሳቡ በውጭ ሰው ዋጋ ይመጣል። የቤት ውሉን፣ መንጃ ፈቃዱንና የታክስ ወረቀቱን ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ አድራሻ ላይ አስማሙ።

ከማታ ሺፍት ወጥቶ ፕሌስመንት መፈተን

የምትጀምሩበትን ደረጃ በሚወስነው የፕሌስመንት ፈተና ላይ «መውደቅ» የሚባል ነገር ስለሌለ ሰው ንቆት ይገባል። ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ መመደብ ግን ሁለት ሴሚስተር ማለት ነው፤ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያስተምሩ) ክላሶች ደግሞ በአብዛኛው ለዲግሪ አይቆጠሩም። አልጀብራ ከተማራችሁ 10 ዓመት ካለፈ ፍራክሽንና ኤክስፖነንት ለሁለት ሳምንት ከልሱ፤ በነፃ የሚገኝ መለማመጃ ሞልቷል።

ዲግሪው «ኤኤስ» ይሁን «ኤኤኤስ» አለመለየት

አንድ «ኤ» የሁለት ዓመት ልፋት ሊያስከፍል ይችላል። ሁለቱም ወደ 60 ክሬዲት አካባቢ ናቸው፣ ሁለቱም አሶሺየት ዲግሪ ይባላሉ። ኤኤስ እና ኤኤ የተሠሩት ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር ነው። ኤኤኤስ ግን በቀጥታ ሥራ ለመግባት የተሠራ ነው፤ ከቴክኒክ ኮርሶቹ ብዙዎቹን ዩኒቨርሲቲው ላይቆጥራቸው ይችላል። ሳይበር ሴኩሪቲ በኤኤኤስ ጨርሶ ኮምፒውተር ሳይንስ ልቀጥል የሚል ሰው ከካልኩለስ በፊት ያለውን ሒሳብ ሳይቀር እንደገና ይጀምራል። ነርሲንግ ለየት ይላል፦ በኤኤኤስ አርኤን (ፈቃድ ያለው ነርስ) ሆኖ ወደ ባችለር የሚያሻግር የራሱ መንገድ አለው።

ሒሳቡም እንዲሁ ነው። በቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ኤምቲኤች 154 የሚባለው የሒሳብ ኮርስ ቀለል ያለ ነው ተብሎ ይወደዳል፤ ወደ ካልኩለስ ግን አያደርስም። ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስብ ሰው የሚሄደው በ161 እና 162 (ወይም ሁለቱን ባጠቃለለው 167) አድርጎ ወደ 263 ነው። ጓደኛችሁ የወሰደው ሒሳብ ለጓደኛችሁ ሜጀር ነው።

ከፕሮግራም ውጭ ክላስ መያዝም የዚሁ ወንድም ነው። እርዳታው የሚቆጥረው ለተመዘገባችሁበት ዲግሪ የሚያስፈልጉትን ክሬዲቶች ብቻ ነው። 12 ክሬዲት ይዛችሁ 3ቱ ፕሮግራሙ ውስጥ ከሌሉ ፔል ግራንቱ በ9 ክሬዲት፣ ማለትም በ75 በመቶ ይሰላል። ለ2025–26 ከፍተኛው ፔል 7,395 ዶላር ነው፤ በሴሚስተር 3,697 ገደማ። 75 በመቶው 2,773 ስለሆነ አንዲት የማትቆጠር ክላስ 924 ዶላር ግድም ይዛ ትሄዳለች። በዚያ ላይ የክላሷ ክፍያ አለ።

ሙሉ ሺፍት ከሙሉ ክሬዲት ጋር

የተለመደው ስሌት ለአንድ ክሬዲት በሳምንት 1 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2 ሰዓት ደግሞ ውጭ ነው። 12 ክሬዲት እንግዲህ 36 ሰዓት ነው። 40 ሰዓት ሥራ ሲጨመር 76 ይደርሳል። ሳምንት 168 ሰዓት አለው፤ በቀን 7 ሰዓት ብትተኙ 49 ይሄዳል። የቀረው 43 ሰዓት ለመንገድ፣ ለምግብ፣ ለልጅ፣ ለቤተክርስቲያን ወይም ለመስጊድ፣ ለለቅሶና ለሠርግ ነው። ወረቀት ላይ ይበቃል ይመስላል፤ አምስተኛው ሳምንት ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች ባንድ ጊዜ ሲመጡ፣ አይበቃም።

ይህን ያየ ሰው አንዳንዴ መፍትሔ ብሎ የሚመርጠው የ8 ሳምንት ክላስ ነው፤ «ቶሎ ያልቃል» ተብሎ። ክላሱ አጠረ እንጂ ይዘቱ አልቀነሰም። አናቶሚን ውሰዱ፦ በ15 ሳምንት በሳምንት 3 ሰዓት ሌክቸርና 3 ሰዓት ላብ የነበረው በ8 ሳምንት ወደ 11 ሰዓት ይጠጋል። ሰኞ የራስ ቅል አጥንቶች፣ ረቡዕ የጀርባ አጥንት፣ በሚቀጥለው ሰኞ የላብ ፈተና፤ ጠረጴዛ ላይ በተደረደሩ አጥንቶች የተለጠፈችውን ቁጥር አይቶ ስሙን በትክክል መጻፍ። በነርሲንግ መግቢያ ላይ የአናቶሚ ውጤት ክብደት አለው፣ ብዙ ፕሮግራሞችም ስንት ጊዜ እንደደገማችሁት ያያሉ። አናቶሚን በ15 ሳምንት ያዙ፤ ለ8 ሳምንቱ ቀለል ያለ ኮርስ ይሁን።

የሚሠራ ሰው በ6 ክሬዲት ቢጀምር ነውር የለውም። ፔሉም በልኩ 50 በመቶ ይከፍላል። በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ያለ ተማሪ ግን ይህ ምርጫ የለውም፦ በመደበኛ ሴሚስተር 12 ክሬዲት መያዝ አለበት፣ ከዚያም ውስጥ ኦንላይን ሆኖ የሚቆጠርለት አንድ ክላስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ሳይፈቀድለት አንዲት ክላስ ቢጥል የቪዛ ሁኔታው ይነካል።

ዝም ብሎ መጥፋት

ኢትዮጵያ ውስጥ ተማሪ ትምህርት ሲያቋርጥ መቅረት ይበቃ ይሆናል። እዚህ መቅረት ማለት ኤፍ ነው፤ ዕዳም ይከተለዋል። ሁለት ቃላት ለዩ። «ድሮፕ» ገንዘብ የሚመለስበት ቀን ከማለፉ በፊት ሲሆን ምንም ምልክት አይተውም። «ዊዝድሮው» ከዚያ በኋላ ነው፤ ትራንስክሪፕት ላይ «ደብልዩ» ይጻፋል፣ ክፍያው አይመለስም። ሁለቱም ቀኖች የኮሌጁ ካሌንደር ላይ አሉ፤ የ8 ሳምንት ክላስ ደግሞ የራሱ፣ በጣም ቅርብ የሆነ ቀን አለው።

ሁሉንም ክላስ የሚተው ሰው ሒሳብ እንዲህ ነው። 3,600 ዶላር ፔል አገኘ፤ የኮሌጁ ክፍያ 2,800 ነበር፤ የተረፈው 800 እጁ ገባ። ሴሚስተሩ 30 በመቶ ሲደርስ፣ አምስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ሁሉንም ተወ። ሕጉ «ያገኘኸው 30 በመቶውን ብቻ ነው» ይላል። ኮሌጁ ከ2,800ው 70 በመቶውን፣ 1,960 ዶላር፣ ለመንግሥት ይመልስና ቢሉን ወደ ተማሪው ይልካል። 800ውም ለቤት ኪራይ ሄዷል። ዕዳው ካልተከፈለ የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ይዘጋል። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ካለፈ በኋላ ግን ሙሉው እርዳታ እንደተገኘ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሰባተኛው ሳምንት ላይ ተስፋ የቆረጠ ሰው ቢያንስ በአንድ ክላስ እስከ መጨረሻው ቢቆይ ይሻለዋል።

ሌላም አለ። እርዳታው እንዲቀጥል ብዙ ኮሌጆች 2.0 ጂፒኤ እና ከሞከራችሁት ክሬዲት 67 በመቶውን ማለፍ ይጠይቃሉ። ደብልዩ ጂፒኤ አይነካም፣ ግን እንደተሞከረ ይቆጠራል፦ 24 ሞክሮ 15 ያለፈ ሰው 62.5 በመቶ ላይ ነው፣ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ሕመም ወይም ለቅሶ መጨረሻው ላይ ከደረሰባችሁ፣ አብዛኛውን ሥራ ጨርሳችሁ ከሆነ፣ «ኢንኮምፕሊት» (የቀረውን ሥራ በኋላ የምትጨርሱበት) እንዲሰጣችሁ መምህሩን በኢሜይል ጠይቁ። ሲጠየቅ የሚሰጥ ነገር ነው።

ሲለበሱን አለማንበብ

ሲለበስ፣ የመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው የኮርሱ ዕቅድና ደንብ ያለበት ወረቀት፣ ውል ነው። አራት ቦታ አስምሩበት፦ ፈተናው ከውጤቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የዘገየ የቤት ሥራ በቀን ስንት እንደሚቀነስበት፣ መምህሩ ቢሮ የሚቀመጥበት ሰዓት፣ አብሮ ስለ መሥራት የተጻፈው። የመጨረሻው የእኛን ልጆች ይጎዳል። አብሮ ማጥናት የተመሰገነ ነው፤ የአንዱን የላብ ሪፖርት ቃላት ቀይሮ ማስረከብ ግን የተቀበለውንም የሰጠውንም ዜሮ ያሰጣል፣ ፋይል ላይም ይገባል። ከኢንተርኔት ወስዶ ምንጭ አለመጥቀስም፣ በኤአይ አስጽፎ የራስ አድርጎ ማቅረብም እዚያው ይመደባል።

ቢሮ ሰዓት የሰነፍ ተማሪ ቦታ የሚመስለው ብዙ ነው። ያልገባችሁን አንድ ጥያቄ ጽፋችሁ ሂዱ፤ ኋላ ለዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው ስማችሁን የሚያውቅ መምህር ነው።

ዲግሪው በራሱ ይመጣል ብሎ መጠበቅ

ብዙ ኮሌጆች ክሬዲቱ ስለሞላ ብቻ ዲግሪ አይሰጡም። የመጨረሻው ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ ለመመረቅ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ያኔ ነው የጎደለች አንዲት ክሬዲት፣ ያልተቆጠረ የኢትዮጵያ ኮርስ ወይም የተቀየረ የፕሮግራም መስፈርት የሚወጣው። ከዚያ በፊት፣ 45 ክሬዲት ገደማ ላይ፣ የዲግሪ ኦዲታችሁን (የወሰዳችሁትንና የቀራችሁን የሚያሳየውን ዝርዝር) አትማችሁ ወደ አድቫይዘር ሂዱ። የምትሻገሩበት ዩኒቨርሲቲ በስምምነት የመግቢያ ዋስትና የሚሰጥ ከሆነ የራሱ የማመልከቻ ቀንና የሚፈልገው ጂፒኤ አለው። ያ ቀን ብዙ ጊዜ ከመመረቂያው ወራት ቀድሞ ያልፋል።